ትልቅ ፎልደርን ቦታ ሳይጨርሱ ማባዛት፦ የሃርድ ሊንክ አሠራር ደረጃ በደረጃ

900 ጊጋ የሰርግ ፎቶ አላችሁ እንበል። ዲስኩ ላይ የቀረው ቦታ 60 ጊጋ ብቻ ነው። ነገ ፎልደሮቹን እንደ አዲስ ልታደራጁ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን «ካበላሸሁት ወደዚህ እመለሳለሁ» የምትሉት ቅጂ ያስፈልጋችኋል። በተለመደው ኮፒ አይሆንም፤ ቦታው አይበቃም። ቦታ ቢኖር እንኳ 900 ጊጋ በሴኮንድ 100 ሜጋ ፍጥነት ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ እንደገና ከሀ መጀመር ነው።

በሃርድ ሊንክ ይኸው ሥራ በደቂቃዎች ያልቃል። የሚበላው ቦታም ከቁም ነገር አይገባም። ትእዛዙ አንድ መስመር ነው።

ታዲያ ሰው የት ይሳሳታል? የሚመጡልኝ ስሞታዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ «እምቢ አለኝ» ነው። ሌላው የባሰ ነው፦ «ሠርቶልኝ ነበር፤ ግን ቅጂውን ስነካው ዋናው ተበላሸ።» የመጀመሪያው ከዝግጅት ጉድለት ይመጣል። ሁለተኛው የሚመጣው ሃርድ ሊንክን እንደ ኮፒ ከመቁጠር ነው። እዚህ መመሪያ ላይ ረጅም ጊዜ የምቆየው ሁለተኛው ላይ ነው።

መመሪያው ለሊኑክስ ተጠቃሚ ነው። ኡቡንቱም ሆነ ሚንት፣ ልዩነት የለውም።

ትእዛዞቹን እንዴት እንደምታነቡ

ለጓደኛ በስልክ እንደማነብ አድርጌ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። እናንተ ግን ተርሚናል ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፏቸው። «ሲፒ» ስል ሲ እና ፒ የሚባሉትን ሁለት ፊደሎች ማለቴ ነው። «-ኤ» ስል ሰረዝ፣ ከዚያ ሳትለያዩ ኤ። ሁሉም በስሞል ሌተር ነው። «-ካፒታልቲ» ካልኩ ብቻ ሰረዝና ትልቁን ቲ ጻፉ፤ «ካፒታል» የሚለው ቃል አይጻፍም። በቃላት መሃል አንድ ክፍተት ተዉ። የፊደል ተራው የሚያሳስት ቃል ሲመጣ ፊደሎቹን እዘረዝራለሁ።

የፎልደር ስሞቹ ግን በእውነትም በአማርኛ ናቸው። ሊኑክስ «/ዲስክ/ፎቶ» የሚል ስም ያለችግር ይቀበላል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ለእኛ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ፎልደሮች ናቸው። ስም በእጅ ከመጻፍ ይልቅ የመጀመሪያውን ፊደል ጽፋችሁ ታብ ተጫኑ፤ ቀሪውን ራሱ ይሞላዋል።

ከመጀመራችሁ በፊት ይህቺን ብቻ

አንድ ሰው የቤት ስም አለው፣ የትምህርት ቤት ስም አለው፣ የክርስትና ስምም ሊኖረው ይችላል። ሰውየው ግን አንድ ነው። በቤት ስሙ ጠርታችሁ ፀጉሩን ብትላጩት፣ በክርስትና ስሙ የሚያውቁት የነፍስ አባቱም የሚያዩት የተላጨ ራስ ነው።

ፋይልም እንዲሁ ነው። ዲስኩ ላይ ያለው ዳታ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ አይኖድ ይባላል። የምታዩት የፋይል ስም ወደዚያ ቁጥር የሚጠቁም መጠሪያ ነው። ሃርድ ሊንክ ማድረግ ማለት ለዚያው ዳታ ሌላ መጠሪያ ማውጣት ነው። ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ዋናና ቅጂ የሚባል የለም። አንዱን ስም ብታጠፉ ዳታው አይጠፋም። የሚጠፋው የመጨረሻው ስም ሲሰረዝ ነው።

ፎልደሮች ግን ሁለት ስም አይሰጣቸውም። ስለዚህ ፎልደሮቹ እንደ አዲስ ይፈጠራሉ፣ በውስጣቸው ያሉት ፋይሎች ብቻ ይጋራሉ። ይህን ልዩነት ያዙት፤ ወደ ኋላ ይጠቅመናል።

ደረጃ 1፦ ዝግጅት

1.1 ሁለቱም ቦታዎች አንድ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ላይ መሆናቸውን አረጋግጡ።

አይኖድ የሚሠራው በዚያው ፓርቲሽን ውስጥ ነው። ከላፕቶፑ ወደ ውጪ ሃርድ ዲስክ ሃርድ ሊንክ ማድረግ አይቻልም። አንድ ዲስክ ለሁለት ተከፍሎ ከሆነም ከአንዱ ወደ ሌላው አይሻገርም። እንዲህ ጻፉ፦

ዲኤፍ -ካፒታልቲ /ዲስክ/ፎቶ

ዋናው ፎልደር ያለበት ፓርቲሽን ይመጣል። ቅጂው የሚቀመጥበትንም በተመሳሳይ መንገድ ጠይቁ። በመጀመሪያው ዓምድ የሚታየው ስም አንድ ዓይነት ካልሆነ እዚህ ላይ ቁሙና ወደ ደረጃ 6 ዝለሉ።

1.2 የፋይል ሲስተሙን (ዲስኩ የተፎርማተበትን ሥርዓት) ዓይነት ተመልከቱ።

እዚያው ውጤት ላይ ሁለተኛው ዓምድ ነው። ኤክስት4፣ ኤክስኤፍኤስ ወይም ቢቲአርኤፍኤስ ካለ ጥሩ ነው። ፋት32 (ውጤቱ ላይ «ቪፋት» ተብሎ ይታያል) ወይም ኤክስፋት ካለ አይሆንም፤ ሁለቱም ሃርድ ሊንክ የሚባል ነገር አያውቁም። ፍላሽና ከሱቅ የሚገዛ የውጪ ዲስክ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከእነዚህ በአንዱ ተፎርማቶ ነው። «እምቢ አለኝ» ብለው ከሚጽፉልኝ ሰዎች ብዙዎቹ የተያዙት እዚህ ጋ ነው። መፍትሔው ዳታውን ሌላ ቦታ አሽሽቶ ዲስኩን በኤክስት4 እንደገና ፎርማት ማድረግ ነው። ፎርማት ሁሉን ነገር እንደሚያጠፋ መቼም አልነግራችሁም።

ቢቲአርኤፍኤስ ወይም ኤክስኤፍኤስ ላይ ከሆናችሁ ከሃርድ ሊንክ የተሻለ ምርጫ ሊኖራችሁ ይችላል። «ሲፒ -ኤ --ሪፍሊንክ=ኦልዌይስ» ብላችሁ ብታባዙ ቦታ አይበላም፤ አንዱን ስታርሙ ደግሞ ሌላው አይነካም። ሪፍሊንክ ሲጻፍ አር፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤል፣ አይ፣ ኤን፣ ኬ ነው፤ ኦልዌይስ ደግሞ ኤ፣ ኤል፣ ደብልዩ፣ ኤ፣ ዋይ፣ ኤስ። ይህ ከሠራላችሁ ደረጃ 4ን መፍራት አያስፈልጋችሁም። ኤክስት4 ግን ይህን አይችልም፤ የኡቡንቱ ተጠቃሚ በብዛት ያለው ደግሞ ኤክስት4 ላይ ነው። ስለዚህ እንቀጥል።

1.3 በፎልደሩ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ዝጉ።

የፎቶ ማረሚያው፣ የዳታቤዝ ፕሮግራሙ፣ ዳውንሎድ የሚያደርገው ሁሉ ይዘጋ። ግማሹ ሲጻፍ የተያዘ ፋይል ለማንም አይጠቅምም።

1.4 ጎተራ ሥሩ።

ቅጂዎቹን ማንም ባለፈ ባገደመ ቁጥር የሚነካካበት ቦታ ላይ አታስቀምጡ። እዚያው ፓርቲሽን ላይ፣ ነገር ግን ከዋናው ፎልደር ውጪ፣ የተዘጋ ቤት ሥሩላቸው።

ሱዶ ኤምኬዲር /ዲስክ/ጎተራ

ሱዶ ሲኤችሞድ 700 /ዲስክ/ጎተራ

ኤምኬዲር ሲጻፍ ኤም፣ ኬ፣ ዲ፣ አይ፣ አር ነው። ሲኤችሞድ ደግሞ ሲ፣ ኤች፣ ኤም፣ ኦ፣ ዲ። ሱዶ ኤስ፣ ዩ፣ ዲ፣ ኦ፤ ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስፈጽማል። አሁን ወደ ጎተራው የሚገባው አስተዳዳሪው ብቻ ነው። ፎልደሮች አይጋሩም ብለን አልነበር? ጎተራው ላይ የዘጋችሁት በር ዋናውን ፎልደር አይነካም።

ለምን እዚህ ላይ እንደምነዘንዝ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሰሞን እኔ ጎተራ አልሠራሁም። ቅጂውን «እንዳይበላሽ» ብዬ በውስጡ ያሉትን ፋይሎች በሙሉ በሲኤችሞድ ንባብ ብቻ አደረግኋቸው። በማግስቱ ፎቶ የሚያርመው ልጅ ደወለልኝ፤ አንድም ፋይል ሴቭ አላደርግም ብሎታል። ለካ የፈቃድ መረጃው የተቀመጠው አይኖዱ ላይ ነው። ቅጂውን ቆለፍኩ ስል ዋናውንም ቆልፌው አድሬያለሁ።

ደረጃ 2፦ በትንሽ ፎልደር ሞክሩ

ይህን ደረጃ መዝለል ያምራችኋል። አትዝለሉ፤ አምስት ደቂቃ ነው።

2.1 ዲስኩ ላይ «ሙከራ» የሚል ፎልደር ፍጠሩ። ውስጡ «ማስታወሻ» የሚባል የጽሑፍ ፋይል አስቀምጡና ሁለት ቃል ጻፉበት።

2.2 አባዙት፦

ሲፒ -ኤ -ኤል -ካፒታልቲ /ዲስክ/ሙከራ /ዲስክ/ሙከራ2

2.3 ቁጥራቸውን እዩ፦

ኤልኤስ -ኤል -አይ /ዲስክ/ሙከራ /ዲስክ/ሙከራ2

በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለው ረጅም ቁጥር አይኖዱ ነው። በሁለቱም ፎልደር ውስጥ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ሦስተኛው ዓምድ ላይ ደግሞ 2 የሚል ታያላችሁ፤ ይህ ዳታ ሁለት ስም አለው ማለት ነው።

2.4 አሁን ናኖ በሚባለው የተርሚናል ጽሑፍ ማረሚያ «ሙከራ2» ውስጥ ያለውን ማስታወሻ ክፈቱ። አንድ መስመር ጨምሩና ሴቭ አድርጉ። ከዚያ «ሙከራ» ውስጥ ያለውን ክፈቱ። የጨመራችሁት መስመር እዚያም አለ።

ይህን በዓይናችሁ ካያችሁት ቀሪው መመሪያ ቀላል ነው።

ደረጃ 3፦ ዋናው ሥራ

3.1 ትእዛዙን ጻፉ፣ ኢንተር ከመምታታችሁ በፊት አንዴ መልሳችሁ አንብቡት፦

ሱዶ ሲፒ -ኤ -ኤል -ካፒታልቲ /ዲስክ/ፎቶ /ዲስክ/ጎተራ/ያላለቀ

«-ኤ» ፎልደሩን ከነልጆቹ፣ ከነባለቤቱና ከነቀኑ ይዞ ይሄዳል። «-ኤል» ዳታውን አትቅዳ፣ ስም ብቻ ስጥ ማለት ነው። ይህቺን ከረሳችኋት ተራ ኮፒ ይጀምርና ዲስኩን ይሞላዋል። ትእዛዙ ከተጠበቀው በላይ ከዘገየና ባዶ ቦታው እየቀነሰ ከመጣ ኮንትሮልና ሲ ተጭናችሁ አቁሙት።

«-ካፒታልቲ» ብዙ መመሪያ ላይ አትገኝም፤ እኔ ግን አልለያትም። እሷ ከሌለች መድረሻው ፎልደር አስቀድሞ ካለ ቅጂው ውስጡ ይገባና «ያላለቀ/ፎቶ» የሚል ነገር ይፈጠራል። በተለይ ትእዛዙን ሁለቴ የመታ ሰው ፎልደር በፎልደር ውስጥ ያገኛል።

3.2 ስህተት ሳያሳይ ከጨረሰ ስሙን ቀይሩ፦

ሱዶ ኤምቪ /ዲስክ/ጎተራ/ያላለቀ /ዲስክ/ጎተራ/2018-01-02

ስም መቀየር ቅጽበታዊ ነው። ጥቅሙ ይኼ ነው፦ መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ግማሽ ቅጂው «ያላለቀ» እንደተባለ ይቀራል፤ ከሙሉው ጋር አይምታታባችሁም። መብራት ሲመጣ «ያላለቀ»ን አጥፍታችሁ 3.1ን ድገሙ። ዋናው ላይ አንዳችም ነገር አልተነካም።

ቀኑን በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር መጻፍ ትችላላችሁ፤ አንዱን መርጣችሁ ጽኑ። ዓመት፣ ወር፣ ቀን ይሁን ተራው፤ ነጠላ ቁጥር ሲሆን ዜሮ ቅደሙበት። ያኔ ፎልደሮቹ በራሳቸው በቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ጳጉሜንን 13 በሉት።

3.3 አረጋግጡ።

መጀመሪያ ልዩነት አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፦

ሱዶ ዲፍ -አር -ኪው /ዲስክ/ፎቶ /ዲስክ/ጎተራ/2018-01-02

ዲፍ ሲጻፍ ዲ፣ አይ፣ ኤፍ፣ ኤፍ ነው። ምንም ካላወጣ ልዩነት የለም። ሁለቱ ስሞች አንድ ዳታ መሆናቸውን ስለሚያውቅ ውስጣቸውን አያነብም፤ ቶሎ ይጨርሳል። ሰዓታት ከፈጀ ራሱ ምልክት ነው፦ ሃርድ ሊንክ ሳይሆን ኮፒ አድርጋችኋል።

ቀጥሎ ያልተጋራ ፋይል ፈልጉ፦

ሱዶ ፋይንድ /ዲስክ/ጎተራ/2018-01-02 -ታይፕ ኤፍ -ሊንክስ 1

ፋይንድ ኤፍ፣ አይ፣ ኤን፣ ዲ ነው፤ ታይፕ ቲ፣ ዋይ፣ ፒ፣ ኢ፤ ሊንክስ ኤል፣ አይ፣ ኤን፣ ኬ፣ ኤስ። ስማቸው አንድ ብቻ የሆነ ፋይሎችን ይዘረዝራል። አዲስ በተሠራ ቅጂ ላይ ዝርዝሩ ባዶ መሆን አለበት።

3.4 ቦታውን ለክታችሁ አትደንግጡ።

ቅጂውን ብቻውን ብትለኩት፣ የተያዘ ቦታ የሚለካው ትእዛዝ ዲዩ 900 ጊጋ ይላችኋል። እውነቱን ነው፤ በዚያ ስም የሚገኘው ዳታ 900 ጊጋ ነው። ሁለቱን በአንድ ትእዛዝ ለኩ፦

ሱዶ ዲዩ -ኤስ -ኤች /ዲስክ/ፎቶ /ዲስክ/ጎተራ/2018-01-02

አሁን የመጀመሪያው 900 ጊጋ፣ ሁለተኛው ጥቂት ሜጋ ይላል፤ ዲዩ የቆጠረውን ዳታ ሁለቴ አይቆጥርም። ያቺ ጥቂት ሜጋ ፎልደሮቹ የያዙት ናት። በተለመደው ኤክስት4 ላይ አንድ ፎልደር ቢያንስ 4 ኪሎባይት ይይዛል፤ 5,000 ፎልደር ካላችሁ 20 ሜጋ አካባቢ ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ ከዚያ በኋላ ፋይሎቹን እንዴት ትነካላችሁ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ቅጂው በትክክል ተሠርቷል፣ ሁሉም ነገር ሰላም ነው፣ ከሳምንት በኋላ ግን ሁለቱም ተበላሽተው ይገኛሉ።

ፕሮግራሞች ፋይል ሴቭ ሲያደርጉ በሁለት መንገድ ነው። አንዳንዱ አዲስ ፋይል ይጽፍና በአሮጌው ስም ይተካዋል። ያኔ ስሙ ወደ አዲስ አይኖድ ይጠቁማል፤ ጎተራ ውስጥ ያለው ስም ከአሮጌው ዳታ ጋር ይቀራል። የምንፈልገው ይህን ነው። ሌላው ግን እዚያው አሮጌው ላይ ይጽፋል። ያኔ የነፍስ አባትየውም የሚያዩት የተላጨ ራስ ነው።

የትኛው ፕሮግራም እንዴት እንደሚሠራ በቃል መያዝ አያስፈልግም። እንዲህ ፈትኑት፦

4.1 ሙከራ ፎልደሩ ውስጥ አንድ ፋይል አስቀምጡ፣ ፋይሉ ሁለት ስም እንዲኖረው ፎልደሩን እንደ 2.2 «ሙከራ3» ብላችሁ አባዙ፣ ከዚያ «ኤልኤስ -አይ» ብላችሁ ቁጥሩን ጻፉት።

4.2 በምትጠቀሙበት ፕሮግራም ክፈቱ፣ ቀይሩ፣ ሴቭ አድርጉ፣ ዝጉ።

4.3 ቁጥሩን እንደገና እዩ። ተቀይሮ ከሆነ ፕሮግራሙ ለዚህ ሥራ አይጎዳም። ካልተቀየረ እዚያው ላይ ይጽፋልና ተጠንቀቁት።

ሁልጊዜ ሁለቱንም የሚነኩትን ግን እነሆ። ናኖን አይታችሁታል። በሁለት የቀስት ምልክት ፋይል መጨረሻ ላይ መስመር መጨመርም እንደዚያው ነው። ሲኤችሞድና ሲኤችኦን የፋይሉን ፈቃድና ባለቤት በሁሉም ስሞቹ ይቀይራሉ። ተች የፋይሉን ቀን እንዲሁ። የዳታቤዝ ፋይሎችና የቨርቹዋል ማሽን ዲስኮች ሁልጊዜ እዚያው ላይ ነው የሚጻፍባቸው።

ብዙዎች የማይጠብቁት ደግሞ ሲፒ ራሱ ነው። ነባር ፋይል ላይ አዲስ ፋይል በሲፒ ብትደርቡ፣ ሲፒ አሮጌውን ባዶ አድርጎ እዚያው ይጽፋል። ጎተራ ውስጥ ያለውም አብሮ ይሄዳል። በኤምቪ ብትደርቡ ግን ስሙ ብቻ ስለሚተካ ምንም አይሆንም። ፋይል ስትተኩ ኤምቪ ተጠቀሙ፤ ይህቺን ብቻ ልማድ ብታደርጉ ግማሹ አደጋ ይቀንሳል።

ዳታቤዝ ወይም እዚያው ላይ የሚጻፍበት ሌላ ፋይል ፎልደሩ ውስጥ ካለ ከጎተራው ጋር ያለውን ትስስር ቁረጡ። ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ሁለት መስመር ነው፦

ሲፒ -ፒ መዝገብ መዝገብ_ጊዜያዊ

ኤምቪ መዝገብ_ጊዜያዊ መዝገብ

መጀመሪያው እውነተኛ ኮፒ ይሠራል፣ ሁለተኛው በቦታው ይተካዋል። «ኤልኤስ -ኤል -አይ» ብላችሁ ሦስተኛው ዓምድ 1 መሆኑን እዩ። አሁን ብቻውን ነው።

ስም መቀየር፣ ከፎልደር ወደ ፎልደር ማዛወር፣ ማጥፋት ግን ነፃ ናችሁ። ዋናው ላይ ያሻችሁን ብታደርጉ ጎተራው አይነቃነቅም። ሃርድ ሊንክ ከማደራጀት በፊት ቅጂ ለመያዝ የሚመቸው ለዚህ ነው።

ደረጃ 5፦ ስህተት ሲመጣ

«ኢንቫሊድ ክሮስ-ዲቫይስ ሊንክ» ካለ ሁለቱ ቦታዎች አንድ ፓርቲሽን ላይ አይደሉም። 1.1ን ድገሙ። ጥቂት ፋይሎች ላይ ብቻ ከመጣ በዋናው ፎልደር ውስጥ ሌላ ዲስክ የተሰካበት ንዑስ ፎልደር አለ ማለት ነው፤ እሱን ለብቻው ያዙት።

«ኦፕሬሽን ኖት ፐርሚትድ» ካለ መጀመሪያ የፋይል ሲስተሙን እዩ፤ ኤክስፋትም ፋት32ም የሚመልሱት ይህንኑ ነው። ኤክስት4 ከሆነ ፋይሉ የእናንተ አይደለም። ሊኑክስ የራሳችሁ ላልሆነና መጻፍ ለማትችሉበት ፋይል ሃርድ ሊንክ እንዳትሠሩ ሊከለክል ይችላል። ሱዶ ጨምሩ። በሱዶም እምቢ ካለ ፋይሉ በቻትር እንዳይነካ ተቆልፏል። «ኤልኤስአትር» (ኤል፣ ኤስ፣ ኤ፣ ቲ፣ ቲ፣ አር) ብላችሁ ስታዩት ከምልክቶቹ መሃል ትንሿ አይ ካለች እሱ ነው። ማን ለምን እንደቆለፈው ሳታውቁ አትክፈቱት።

«ቱ ሜኒ ሊንክስ» ብርቅ ነው። ኤክስት4 ላይ አንድ ፋይል ከ65,000 በላይ ስም አይኖረውም። በየሰዓቱ የሚያባዛ ሰው እንኳ እዚህ ለመድረስ ከሰባት ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

«ኖ ስፔስ ሌፍት ኦን ዲቫይስ» ካለ፣ ባዶ ቦታ ግን እያለ ከሆነ፣ አይኖዶቹ አልቀዋል። «ዲኤፍ -አይ /ዲስክ» ብላችሁ እዩ። ኤክስት4 በተለመደው አፈጣጠሩ ለ1 ቴራ ዲስክ ወደ 60 ሚሊዮን አይኖድ ይመድባል፤ ስለዚህ ይህም ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ካጋጠመ አሮጌ ቅጂዎችን አጥፉ።

ስህተት ሳይመጣ ዋናውና ቅጂው አብረው ተበላሽተው ካገኛችኋቸው ግን እቅጩን ልንገራችሁ፤ ከሃርድ ሊንክ የሚመለስ ነገር የለም። ዳታው አንድ ነበር፣ እሱም ተቀይሯል። ዲስኩ ላይ መጻፍ አቁሙና ሌላ ዲስክ ላይ ያለውን ባክአፕ ፈልጉ።

ደረጃ 6፦ ሌላ ዲስክ ላይ በየቀኑ ማስቀመጥ

እስካሁን የሠራነው ከስህተት ያድናል፤ ከዲስክ መበላሸት ግን አያድንም። ዲስኩ ቢወድቅ መቶ ስም ያለውም ፋይል አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለተኛ ዲስክ ያስፈልጋል፤ እሱም በኤክስት4 የተፎርማተ ይሁን። ሥራውን የሚሠራው አርሲንክ ነው፤ አር፣ ኤስ፣ ዋይ፣ ኤን፣ ሲ።

6.1 የመጀመሪያው ቀን ሙሉ ኮፒ ነው፤ ማምለጫ የለውም፦

ሱዶ አርሲንክ -ኤ /ዲስክ/ፎቶ/ /ባክአፕ/2018-01-02/

መነሻው መጨረሻ ላይ ያለችው ስላሽ አትረሳ። እሷ ከሌለች መድረሻው ውስጥ «ፎቶ» የሚል ተጨማሪ ፎልደር ይገባል፤ በማግስቱ መንገዶቹ አይገጥሙም። መብራት ከጠፋ ያንኑ ትእዛዝ ድገሙ፤ ያለቁትን ፋይሎች እየዘለለ ይቀጥላል።

6.2 ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ፦

ሱዶ አርሲንክ -ኤ --ሊንክ-ዴስት=/ባክአፕ/2018-01-02 /ዲስክ/ፎቶ/ /ባክአፕ/ያላለቀ/

ሊንክ-ዴስት ሲጻፍ ኤል፣ አይ፣ ኤን፣ ኬ፣ ሰረዝ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤስ፣ ቲ። አርሲንክ ከትናንቱ ጋር እያነጻጸረ ያልተለወጠውን በሃርድ ሊንክ ያያይዛል፣ የተለወጠውንና አዲሱን ብቻ ይቀዳል። ሲጨርስ እንደ 3.2 ስሙን ወደ ቀኑ ቀይሩ። በልማድ ዲሊት የሚለውን የሚጨምሩ አሉ፤ መድረሻው አዲስና ባዶ ስለሆነ አያስፈልግም።

6.3 የትናንቱን መንገድ ሁልጊዜ ከስላሽ ጀምራችሁ ሙሉውን ጻፉ። አጭር መንገድ ከሰጣችሁት የሚቆጥረው ከመድረሻው ፎልደር ተነስቶ ነው። ካላገኘው አንዲት ማስጠንቀቂያ ጽፎ ሁሉንም ነገር እንደ አዲስ ይቀዳል። በጠዋት ተነስታችሁ ዲስኩ ሞልቶ ካገኛችሁት መጀመሪያ እዚህ ፈልጉ።

6.4 ሁለቱን ቀኖች በአንድ የዲዩ ትእዛዝ ለኩ። ሁለተኛው ቀን ትንሽ ካልሆነ መያያዙ አልሠራም። መንገዱ ልክ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የባለቤት፣ የፈቃድ ወይም የቀን ለውጥ ነው። ዋናው ፎልደር ላይ በሙሉ ሲኤችሞድ ብትሠሩ ዳታው ባይለወጥም አርሲንክ ፋይሎቹን አያያይዛቸውም፤ 900 ጊጋው በሙሉ እንደገና ይቀዳል።

«--ኢንፕሌስ» የሚለውን አማራጭ እዚህ ሥራ ላይ በጭራሽ አትጨምሩ። አርሲንክ እንደ ልማዱ አዲስ ፋይል ጽፎ ይተካል፤ በዚህ አማራጭ ግን እዚያው ላይ ይጽፋል። ያለፉትን ቀናት ሁሉ ሊያበላሽ ይችላል።

ደረጃ 7፦ አሮጌውን ማጥፋት፣ ሁሉንም ማዛወር

ቅጂ ለማጥፋት የተለየ ዘዴ የለም፦

ሱዶ አርኤም -አር /ዲስክ/ጎተራ/2018-01-02

የትኛውንም ቀን ብታጠፉ ሌሎቹ ሙሉ ሆነው ይቀራሉ። የመጀመሪያውን ቀን ለማጥፋት የሚፈሩ ብዙ ናቸው፤ «መሠረቱ እሱ ነው» ብለው። መሠረት የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም ስም እኩል ነው። ሱዶ ከአርኤም ጋር ሲሆን ግን እጃችሁን ያዙ። መንገዱ መሃል በስህተት ክፍተት ከገባች ሌላ ፎልደር ትጠርጋላችሁ። መጀመሪያ ያንኑ መንገድ በኤልኤስ አሳዩት፤ የሚታየው የጠበቃችሁት ከሆነ የላይ ቀስቱን ተጭናችሁ ኤልኤስን በአርኤም ተኩ።

ማጥፋቱ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል፤ ስሞቹን አንድ በአንድ ነው የሚሰርዘው። የተለቀቀው ቦታ ጥቂት ከሆነም አትደነቁ፤ ነፃ የሚሆነው ሌላ ስም የሌለው ዳታ ብቻ ነው።

ቅጂዎቹን በሙሉ ወደ ትልቅ ዲስክ ስታዛውሩ አርሲንክ ላይ «-ካፒታልኤች» ጨምሩ፦

ሱዶ አርሲንክ -ኤ -ካፒታልኤች /ባክአፕ/ /አዲስዲስክ/

እሷ ከሌለች እያንዳንዱ ስም ራሱን የቻለ ፋይል ሆኖ ይቀዳል። 900 ጊጋ በአሥር ቀን 9 ቴራ ይሆንባችኋል። ቀኖቹን ደግሞ አንድ በአንድ ሳይሆን በአንድ ትእዛዝ አብራችሁ ላኩ፤ አርሲንክ ትስስሩን የሚያውቀው በአንድ ጉዞ አብረው ሲያገኛቸው ብቻ ነው። ፋይሎቹ ብዙ ከሆኑ ሜሞሪ ይበላል፣ ይዘገያልም። ማታ አስጀምራችሁት ተኙ፤ ላፕቶፑ ግን ቻርጀር ላይ ይሁን።